አላውቅም የሚለው ሳጥን

ኪርያት ጋት፣ ማክሰኞ፣ ከጫማ ሱቅ በላይ፣
ተጓዥ ሁሉ መርፌ በሚወጋበት ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ክፍያዬ በሰዓት፤
ቃል ላሻግር እንጂ አልተቀጠርኩም ልጨምርበት።

ወይዘሮ ትርፌ ገቡ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው፣
የተራ ቁጥሩን ወረቀት በሁለት ጣት ይዘው።
"ኦስትሪያ ልሄድ ነው። የልጄ ልጅ እዚያ ናት፤
ቫዮሊን ነው ትምህርቷ፤ ብርዱ ግን ጎዳት።
ካፖርት ገዝቻለሁ። ማር በዕቃ ሞልቻለሁ።
የቀረኝ መርፌው ነው፤ ተወግቼ እሄዳለሁ።"

ነርሷ ኦሽራት ናት፤ ልጅ እግር፣ ፈጣን፤
ኮምፒዩተሩን ታያለች፣ ሴትዮዋን ሳይሆን።
"ጫካ ከገቡ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣
ሲመለሱ ብብትዎን፣ ጉልበትዎን ይፈትሹ ቤቱ።
ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ተባይ አለ፤
አንጎል ያሳብጣል ከነከሰ፣ ቸል ከተባለ።"

"መዥገር ነው" አልኳቸው።
ሳቁ፤ አፋቸውን በመዳፍ ከለሉ።
"ለመዥገር ነው እንዴ የምወጋው?" አሉ።
"የአባቴን ላሞች ጆሮ ስንት ዘመን ለቀምኩ፣
በሁለት ጥፍሬ መሐል ስንቱን አፈረጥኩ።
ንገራት፤ መዥገርን ማንም ይነቅላል፤
ከነራሱ መንቀል ግን ጥበብ ይጠይቃል።"

ተረጎምኩ። ኦሽራት ከስክሪኑ ቀና አለች፤
"ልክ ናቸው፤ በወረንጦ፣ ከነራሱ" ብላ ሳቀች።
ክትባቱ ሦስት ነው፦ ዛሬ አንድ፣ ከወር በኋላ አንድ፣
ሦስተኛው ሲመለሱ፣ ደክመው ከመንገድ።

ከዚያ ቅጹ መጣ። ገጽ ሁለት፣ ቁጥር አራት።
"ኩፍኝ ይዞዎት ያውቃል? ወስደዋል ክትባት?"
ሦስት ሳጥን አለ፦ አዎ፣ አይ፣ አላውቅም።
በቀን አሥር ጊዜ አሻግረዋለሁ፤ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ወይዘሮ ትርፌ ቦርሳቸውን ከፈቱ።
ወረቀት ያወጡ መስሎኝ ነበር።
መልሰው ዘጉት።

"እኔን አልያዘኝም" አሉ። "እኔ ነበርኩ የያዝኳት።
ሱዳን፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አቀፍኳት።
ብርሃን ዓይኗን ሲያማት በነጠላዬ ጋረድኩላት።
አገር ቤት እንል ነበር፣ ከኩፍኝ ሳይወጣ ልጅህን አትቁጠር፤
እኔ ቆጥሬ ነበር።
አራት ዓመቷ ነበር።
ሐኪሞች መጡ በመኪና፣ በረዶ በሳጥን ጭነው፤
መርፌው የመጣ ሐሙስ፣ እሷ የሄደች ማክሰኞ ነው።"

ኦሽራት ጣቷን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቆየች።
"ምን አሉ?" አለች።

"ያዘ" የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ለሁለት ይሰበራል፤
አንዱ ለበሽታ፣ ሌላው ለእናት ክንድ ይሆናል።
ሁለቱን የሚይዝ አንድ ቃል ፈልጌ አጣሁ።
"አላውቅም ይሉሻል" አልኳት። ዋሸሁ።

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ግራ ክንዳቸው ላይ
ክብ ጠባሳ፣ እንደ ሳንቲም፣ በሩቅ የሚታይ።
ኦሽራት ጣቷን ዘርግታ ሳትነካው ተወችው፤
"ይሄ ምንድን ነው?" አለች፣ አይታ የማታውቀው።
"የፈንጣጣ ክትባት። በሽታው ከዓለም ጠፍቷል።"
ምን እንዳወራን ገባቸው መሰል፣ "እሱስ በጊዜው ደርሷል"
አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

ለመዥገሩ ግራ ክንድ፣ ለኩፍኙ ቀኝ፤
ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ መርፌው ሲገባ አዩኝ።
ኦሽራት ቢጫው ደብተር ላይ ማኅተም መታች፤
"ምናልባት ቢያዞርዎት፣ ትንሽ ይቀመጡ" አለች።
በሩ ጋ ስንደርስ ስማቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ።
ስም አልተረጉምም። ከሥራዬ ውጭ ነው፤ እንኳን ዛሬ ይቅርብኝ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ወንበር፣ ጥጡን በጣታቸው ተጭነው፣
"ኦስትሪያ ላም አለ?" አሉኝ፤ የምራቸውን ነው።
"ሞልቷል" አልኩ፤ "ተራራ ላይ፣ ደወል በአንገቱ።"
"እንግዲያ እጄ ሥራ አይፈታም" አሉ፤ ሰዓት አዩ፤ ጸጥ አሉ፤
ከቦርሳቸው ስልክ አውጥተው በእጄ ላይ አኖሩ።

"ቁጥሯን ምታልኝ፤ የልጂቷን።
ኩፍኝ ተከትባ እንደሆን ልጠይቃት፣
አሁኑኑ፣
ከመቁጠሬ በፊት።"